የእሑድ ከብት እስኪገባ

ለጋ ቅቤ በእጄ ላይ ነበር። የልጅ ልጄ መቅደስ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ፍኖተ ሰላም መጥታ፣ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን እቀባታለሁ፤ እሷ ደግሞ ጉልበቷ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ዘርግታ ታነባለች። ሕግ ነው የምትማረው፤ ገና ጀማሪ ናት። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ኋላም በማታ እስከ አራተኛ ክፍል የዘለቅሁ ነኝ። የተጻፈ አነባለሁ፤ ያልገባኝን እጠይቃለሁ፤ መልሱ ካልጣመኝም እንደገና እጠይቃለሁ። ስለዚህ "ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፤ ለብቻሽ አትብይው" አልኋት።

"ሰው ስለ መሆን ነው፣ እምዬ" አለች። "ሰው ከተወለደ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የመብት ባለቤት ነው። የተፀነሰ ልጅም ቢሆን፣ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደ ተወለደ ይቆጠራል። ብቻ በሕይወት መወለድና ለመኖር የሚችል መሆን አለበት። ለመኖር የሚችል ነው የሚባለው ደግሞ..."

"አርባ ስምንት ሰዓት ከቆየ ነው" አልሁ።

ጣቷን ገጹ ላይ እንዳደረገች ዞር ብላ አየችኝ። ቅቤው በግንባሯ ወረደ። "እርስዎ እንዴት አወቁት?"

እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ለጋ ቅቤ፣ ትናንት የተናጠ፣ ገና ውኃው ያልጠፋ። ይህ ሽታ ወደ አንድ የአራስ ቤት ይወስደኛል፤ ስንት ዓመቱ ነው፣ አሁንም ሳልፈልግ ይወስደኛል።

ዓመተ ምሕረቱን ብጠየቅ በትክክል አልናገርም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ ባለ ኮንጎ ጫማ ሴት መንገድ ላይ ዞር ተብላ የምትታይበት ጊዜ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ዛሬ ባጃጅ እንደ ተርብ የሚርመሰመስባት መንገድ ያን ጊዜ የጋሪ መንገድ ነበረች። የፈረሱ ቃጭል፣ የባለጋሪው አለንጋ፣ ከአውቶብስ መቆሚያው ጥግ ካለችው ሻይ ቤት የሚወጣው ዘፈን፤ ካሴቱ ከማርጀቱ የተነሣ ዘፋኟ አንዳንዴ ሴት አንዳንዴ ወንድ ትመስል ነበር። በርበሬ በሚደርስበት ወር ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም አገሩ ሁሉ ያስነጥሳል፤ ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ "ቅመሺው እስቲ፣ ይኸ በርበሬ ነው እሳት?" ይላል። ወንዶቹ አዲስ ካኪ ቁምጣ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ጥለው፣ ሬዲዮ ያለው ሬዲዮውን በትከሻው አንጠልጥሎ ገበያ ይወርዳሉ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንመጣና ከተማው አፋፍ ስንደርስ እግራችንን ታጥበን እናጠልቀዋለን፤ ጫማው እንዳያልቅ።

የምኖረው ከማንኩሳ በላይ ባለች መንደር ነበር። አጥር ለአጥር የሚጎራበተኝ አለነ የሚባል ጭምት ገበሬ ነው። አባቱ ሲሞት የደረሰው ቤት፣ አንድ በሬና ከቤቱ ጀርባ ቀጥ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ነበረው። ሚስቱን የሽወርቅን፣ እኛ የሽ ነው የምንላት፣ ከደጋ ከገበዝ ማርያም በኩል አምጥቷት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። በዚያው ክረምት ከገበያ ሲመለስ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። ሬሳውን ከታች ከሸምበቆው አወጡት። የሽ ነፍሰ ጡር ነበረች።

የአለነ እናት እማማ አትጠገብ ከታላቅ ልጃቸው ከአያ በላቸው ቤት ወጥተው ወደ የሽ ገቡ። ከልጃቸው የቀረላቸው በዚያች ልጅ ሆድ ያለው ብቻ ነበረና ጥላዋን አይለቁም ነበር። ውኃ እንዳትቀዳ፣ እንጨት እንዳታነሣ፣ ፀሐይ እንዳያገኛት ይከለክሏታል። የሽ እንደ መሳቅ እያለች "እቴ ብርቄ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ወልጄም አልነሣ" ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ እኔም ጉልማሳ ነኝ፤ መንደሩ ሁሉ እቴ ብርቄ ነው የሚለኝ።

ዓርብ ማታ፣ ከብት ከመስክ ሲገባ ወለደች። ወገቧን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ። ወንድ። ጩኸቱ አጥር ተሻገረ። እልል ስንል ሐዘን የተቀመጠበት ቤት መሆኑን ረሳን፤ ከላይ ሰፈር ሴቶች እየሮጡ መጡ። ቅዳሜን ሙሉ ጡት ሲስብ ዋለ። ጣቴን ከያዘ ላስለቅቀው ብል አይለቅም፤ እንደ አባቱ ጭምት አይሆንም ብለን ሳቅን።

እሑድ ረፋድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ እማማ አትጠገብ የተናጠ ለጋ ቅቤ በቅል ክዳን ይዘው ገቡ። በአገራችን አራስ ልጅ ቅቤ እንዲውጥ ይደረጋል፤ አንጀቱን ያለሰልሰዋል፣ ድምፁን ያሳምረዋል ይባላል፤ የማዋጡ ወግ ደግሞ የአባት እናት ነው። እኔም ውጫለሁ፤ ልጆቼንም አውጠውልኛል። ሕፃኑን በክንዳቸው አስተኝተው፣ በትንሽ ጣታቸው እየነኩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያዋጡት ጀመር። ጸሎት የሚያደርሱ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ጠቆረ። ተቀብዬ ዘቀዘቅሁት፣ ጀርባውን መታሁት፣ አፉን በጣቴ ጠረግሁት። አልተመለሰም።

የሽ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሴቶቹ አፈኗት። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ አይለቀስለትም። ድንኳን አይጣልለትም፣ ዕድርተኛ አይጠራለትም። ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ተቀበረ። ሰኞ ዕለት ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሄደ።

የአለነ ሙት ዓመት ሳይደርስ አያ በላቸው መጣ። መቼም ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። "የሽ፣ አንች ገና ልጅ ነሽ። ዕድሜሽን እዚህ ምን ያስጨርስሻል? አባትሽ ቤት ግቢ፤ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል" አላት። ባሕር ዛፉን እያየ ነው የሚናገር። እኔ በአጥር በኩል "በላቸው፣ ዛፉንም አባቱ ቤት ትሰደዋለህ ወይስ እሱ ይቆያል?" አልሁት። "እቴ ብርቄ፣ ይህ የቤተ ሰብ ነገር ነው" አለ። "የቤተ ሰብ ከሆነማ እሷንም ቁጠራት" አልሁት።

በማግሥቱ የሽን ይዤ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። እሷን ትቶ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር።

"ከሟች ልጅ ወልዳለች?"

"ወልዳለች። ሞተ።"

"ሰው ሆኖ ነው የሞተ?"

"ምን ሆኖ ሊሞት ኖሯል? ጥጃ ሆኖ?"

ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። "አይቆጡ፣ እመቤቴ። የሚጠይቀው ሕጉ ነው። ልጁ ሰው ከተባለ፣ አባቱ ቀድሞ ቢሞትም የአባቱ ንብረት ለሱ ያልፋል። እሱ ሲሞት ደግሞ ግማሹ ለእናቱ፣ ግማሹ ለአባቱ ወገን ይደርሳል። ሰው ካልተባለ ግን ንብረቱ ከመጀመሪያውም ወደሷ አልመጣም፤ ለሟች እናትና ለወንድሞቹ ነው።" የሽን ቀና ብሎ አያትና "ስለዚህ ክርክሩ ስለ ቤቱ አይደለም፤ ስለ ልጁ ነው" አላት። የሽ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዋን ከአፏ አነሣች። "እንግዲያማ ጻፉ" አለች።

ዳኛው ወጣት ነው፤ ሙቀቱ እንደዚያ ሆኖ ወፍራም ሹራቡን አያወልቅም። አያ በላቸው ቀርቦ እጁን አጣምሮ ተናገረ። "ክቡር ዳኛ፣ ከቤታችን ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ልቅሶው የታለ? ዕድርተኛው ይጠየቅ፤ አልተጠራም። ካህኑ ይጠየቁ፤ አልፈቱም። ያልተለቀሰለት፣ ስም የሌለው፣ ምን ተብሎ ነው ወራሽ የሚሆነው?" እልልታው ሲነሣበት "እሱ ለእናትየዋ መገላገል ነው" አለ። እናቱ እማማ አትጠገብ ከኋላው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። እሳቸውም ባለጉዳይ ናቸው፤ የሽ ከተረታች ድርሻቸው ይሰፋል።

ዳኛው የሽን መቼ እንደ ወለደች፣ ልጁ መቼ እንደ ሞተ ጠይቆ በጣቱ ቆጠረ። "አርባ ስምንት ሰዓት አልሞላም" አለ። እኔ አብሬው ቆጥሬ ነበር። ዓርብ ከብት ሲገባ ተወለደ፤ ቅዳሜ ከብት ሲገባ አንድ ቀን፤ እሑድ ከብት ሲገባ ሁለት። የእሑድ ከብት እስኪገባ ቢቆይ ኖሮ ሰው ነበር ማለት ነው። ረፋድ ላይ ስለ ሞተ ሰው አልሆነም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ "ጌታዬ፣ ጣቴን ይዞኝ ነበር እኮ!" አልሁ። ፖሊሱ አስቀመጠኝ።

ዳኛው ግን አልጨረሰም ነበር። "ይሁንና፣ ሕፃኑ የሞተው ከራሱ ድካም ሳይሆን በሌላ ምክንያት መሆኑን በማስረጃ የተረጋገጠ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ምስክር ይሰማል" ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

ስንመለስ በመንገድ እማማ አትጠገብ ዱላቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አላዩ።

ቀጠሮው ሳይደርስ የሽ ምንጩ ላይ አገኘችኝ። እንስራዋን አወረደች፤ ግን አልቀዳችም።

"እቴ ብርቄ፣ ቅቤውን እንዳያነሡ።"

"ምን አልሽ?"

"ቅቤውን። እማማ የሚያስቡት እግዜር ወሰደው ብለው ነው። ልጃቸውን ቀብረዋል። በኔ እጅ ሞተ ብለው ደግሞ እንዴት ይኖራሉ?"

"አንችስ? ጨርቅሽን ጠቅልለሽ እንዴት ትኖሪያለሽ?"

"እሄዳለሁ። አባቴ አያባርረኝም።"

"ልጁስ? ደካማ ነበር፣ እንዲያው አልፎ የሄደ ነገር ነው እንበል? ወገብሽን የያዝሁት እኔ ነኝ፣ የሽ። ለማንም ብዬ አልነበረም አልልም።"

እንባዋ ድምፅ የለውም፤ ማልቀስ የተከለከለች ሴት እንባ ነው። "እለምንዎታለሁ" አለች። እኔ እንስራዬን ተሸክሜ ሄድሁ። ተናደድሁ፤ በሷ ነው፣ በሳቸው ነው፣ በሕጉ ነው፣ እስካሁን አልለየሁም። ልጁ እንዳይለቀስለት አፏን ማፈናቸው ሳያንስ አሁን እሷው በገዛ እጇ አፌን ልታፍን መጣች። ግን ደግሞ የለመነችኝ ለራሷ አልነበረም። እዚያ ላይ ስደርስ ዛሬም ሐሳቤ ይሰናከላል።

የቀጠሮው ቀን ማልሁ። ምያለሁና ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ባልምልም ኖሮ ያው ነበር።

"ሕፃኑ ሲወለድ እንዴት ነበር?"

"ሙሉ ነበር። ጩኸቱ አጥር ተሻግሯል። ጡት ስቧል።"

"በምን ሞተ?"

የሽን አላየኋትም። ዓይኗ እንዳያስቆመኝ ብዬ የዳኛውን ሹራብ አየሁ። "በቅቤ ታንቆ" አልሁ። "ለጋ ቅቤ ሲውጥ አነቀው።"

ዳኛው "ማነው የሰጠው?" አለ።

"አገሩ ነው የሰጠው። እኔንም አውጠውኝ አድጌአለሁ። እርስዎም ሳይውጡ አልቀሩም።"

አንዳንዱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። "ወይዘሮ ብርቄ፣ እጁ የማን ነበር?"

እኔ ብርቄ፣ አጥር ለአጥር የምጣላው፣ እውነቱ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀመጠብኝ። ያን ጊዜ ከኋላ የዱላ ድምፅ ሰማሁ።

"እጁ የኔ ነው" አሉ እማማ አትጠገብ።

አያ በላቸው ዘሎ "እናቴ፣ ይቀመጡ! ምን እያሉ ነው?" አላቸው።

"አንተ ተቀመጥ።" ድምፃቸው ያን ያህል ትልቅ መሆኑን አናውቅም ነበር። "ያዋጥሁት እኔ ነኝ። ከዚያች እሑድ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ማን አፍ አውጥቶ ይነግረኝ ይሆን እያልሁ ነው የከረምሁት።" ከዚያ ዱላቸውን ወደ ጸሐፊዋ አቀኑ። "ደግሞ ስም የለውም ያላችሁት፣ አለው። ምትኩ ነው። ቅቤውን እያዋጥሁት ነው ያወጣሁለት። ጻፊው፣ ልጄ።"

ጸሐፊዋ ዳኛውን አየች። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። ጻፈችው።

ፍርዱ ለየሽ ሆነ፤ ግማሹ ደረሳት። አስማሚ ገብቶ ቤቱን እሷ ወሰደች፣ በሬውንና ዛፉን እነ በላቸው። ዛፉን በዚያው በጋ ቆርጦ ሸጠው፤ ከጓሮዬ ጥላው ሲሄድ ትዝ ይለኛል። እማማ አትጠገብ ወደ ልጃቸው ቤት ሊመለሱ ቁርበታቸውን ጠቅልለው ሲወጡ የሽ በሩ ላይ ተቀብላ ቁርበቱን ከትከሻቸው አወረደችና መልሳ አነጠፈችው። ሁለቱ እስከ መጨረሻው በዚያች ቤት አብረው ኖሩ። አሮጊቷ ግን ከዚያ ወዲያ ቅቤ አልቀመሱም። ፋሲካ ቢሆን፣ ገና ቢሆን፣ ወጣቸው የጾም ነበር፤ ራሳቸውን እንኳ ቅቤ አይቀቡም ነበር።

እኔ ጎረቤት አጣሁ። የሽ አልሰደበችኝም፤ መስደብ ይሻል ነበር። ወንፊት አትዋሰኝም፣ እሳት አትጭርም፣ "እንዴት አደሩ" ስትለኝ ለመንገደኛ እንደሚባል ነው። አንድ ቀን አላስችል አለኝና በአጥር በኩል "ይኸን ቤት በማን አፍ ነው ያገኘሽው?" አልኋት። ትሰፋው የነበረውን ሰፌድ አስቀመጠች። "በርስዎ ነው፣ እቴ ብርቄ። ፍርድ አገኘሁ። እማማ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ያችን ጣታቸውን ሲያጥቡ የምሰማው ግን እኔ ነኝ።" ዛሬም መሀላ ቢያቀርቡልኝ ያንኑ እመሰክራለሁ፤ ይኸን አውቃለሁ። እሷም ብትለምነኝ ያንኑ ትለምነኛለች፤ ይኸንንም አውቃለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የመንደሩ ጎረምሶች ሞባይል መያዝ ሲጀምሩ፣ የሽ ጠዋት ደጄ መጣች። ጸጉሯ ሸብቷል። "እቴ ብርቄ፣ እማማ አረፉ። ይምጡና አብረን እናልቅስ" አለችኝ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ተከተልኋት። ድንኳን ተጥሏል፣ ዕድርተኛው ተሰብስቧል፣ አያ በላቸው ራሱን ተላጭቶ ቆሟል። አልቃሿ የሟችን ስምና ዘር ስታነሣ፣ የበላቸው እናት፣ የአለነ እናት ስትል፣ የሽ ወደ መሀል ገባች። ደረቷን መታች።

"የምትኩ አያት!" አለች። "የምትኩ አያት! የልጄ አያት!"

የኋላ ሰዎች ምትኩ ማነው ተባባሉ። የሽ ያን ሁሉ ዓመት አፏ ላይ የተጫነውን እጅ ያን ቀን ጣለችው። ለእሳቸው ስታለቅስ ለልጁም አለቀሰች፤ ያስተዋላት ሰው ቢኖርም ማንም አላስቆማትም። እኔም ከጎኗ ሆኜ አለቀስሁለት። ጣቴን የያዘበት አኳኋን እየተሰማኝ አለቀስሁለት። በዚያን ቀን ስንመለስ የሽ እጄን ያዘችኝ፤ ግን ስለዚያ ነገር አልተነጋገርንም፣ ከዚያ ወዲህም አልተነጋገርንም።

መቅደስ መጽሐፉን ከዘጋችው ቆይቷል። ቅቤው እጄ ላይ ቀልጧል። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል፣ አንዱ ጎረምሳ በሞባይሉ ያንን የድሮ ዘፈን ከፍቶ ያልፋል፤ አሁን ድምፁ ጠርቷል፣ ዘፋኟ ሴት መሆኗ ይለያል።

"እምዬ" አለች፣ "ይኸ ሦስተኛው ንዑስ ቁጥር ነው እኮ። ከድካም ሌላ በሆነ ምክንያት ከሞተ የሚለው። መምህራችን ምሳሌ አምጡ ብሎናል። ክፍል ውስጥ ልናገረው?"

እማማ አትጠገብን አሰብሁ፣ የሽን አሰብሁ።

"ተናገሪው" አልኋት። "የአሮጊቷን ስም ተይው፣ የእናቱንም ተይው፣ የኔንም ተይው። ብቻ 'አንድ ሕፃን ነበር' ብለሽ እንዳትጀምሪ።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ምትኩ አለነ የሚባል ሰው ነበር በይ።"